ኢሊያ መችኒኮቭ፦ ትንንሾቹን ፍጥረታት ጠይቆ የሰውን ደም ያስረዳ ሊቅ

ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ወታደሮች ናቸው ብለን እናስተምራለን። ተማሪው በደብተሩ ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ በፈተና ወረቀት ላይ መልሶ ይጽፋል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ለመሆኑ ይህንን መጀመሪያ ያየው ማነው? ያየውስ በማን ደም ውስጥ ነው? ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢነሳ ከእኛ ከዕጩ መምህራን ስንቶቻችን መልስ ይኖረናል? ይህንኑ በማሰብ በዛሬው ዕትም የኢሊያ መችኒኮቭን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ልጅነትና ትምህርት

ኢሊያ ኢሊች መችኒኮቭ በግንቦት ወር 1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ግን በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው አገር፣ በካርኪቭ ከተማ አካባቢ በሚገኝ ገጠር ተወለደ። አባቱ የክብር ዘበኛ ጦር መኮንን የነበረ ሲሆን እናቱ ኤሚሊያ ከአይሁድ ወገን የተወለደች ነበረች። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነበር። ገና በልጅነቱ ዕፅዋት እየሰበሰበና ነፍሳት እያሳደደ ያደገ ሲሆን፣ ያወቀውንም ለወንድሞቹና ለመንደሩ ልጆች ያስተምር ነበር። ቁጭ ብለው እንዲያዳምጡትም ከኪሱ ሳንቲም ይከፍላቸው እንደነበር ይነገራል። ተማሪ ከፍሎ ሲማር እናውቃለን፤ እዚህ ግን ከፋዩ አስተማሪው ነበር!

በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ የአራት ዓመቱን ትምህርት በሁለት ዓመት አጠናቆ በ1864 ተመረቀ። ከዚያም ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ የባሕር እንስሳትንና የነፍሳትን የጽንስ ዕድገት ማጥናት ጀመረ። በናፖሊ ከተማ ከአገሩ ልጅ ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋር ተገናኝተው ዕድሜ ልክ የዘለቀ ወዳጅነት መሠረቱ።

በ1865 በጀርመን አገር ሳለ አንድ ጠፍጣፋ ትል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። የእኛ ሆድ ዕቃ ምግብን የሚፈጨው በሚያመነጨው ፈሳሽ ነው። የዚያች ትል ሕዋሳት ግን ምግቡን ራሳቸው ውጠው በውስጣቸው ይፈጩታል። ነገሩ ለጊዜው ትንሽ መስሎ ታየ፤ ነገር ግን አንባቢ ይህችን ነጥብ በልቡ ይያዝልን፣ ኋላ እንመለስባታለንና።

በ1867 የዶክትሬት ማዕረጉን በሴንት ፒተርስበርግ አግኝቶ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀጠረ። ዕድሜው ገና 22 ዓመት ስለነበር ከተማሪዎቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ፊት ስንቆም ጉልበታችን ለሚብረከረክብን ሁሉ ይህ ሳያጽናናን አይቀርም።

ሁለቱ የጨለማ ጊዜያት

የሊቃውንት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ድላቸው ብቻ ይነገራል። የመችኒኮቭ ሕይወት ግን እንደዚያ ተደርጎ ቢጻፍ ውሸት ይሆናል።

በ1869 ሉድሚላ ፌዶሮቪች የምትባል ወጣት አገባ። ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባችው በወንበር ላይ ተቀምጣ በሰው ተሸክመዋት ነው። እርሱም እርሷን ለማስታመም ተጨማሪ ሥራ እየሠራ፣ ጽሑፍ እየተረጎመ፣ ሞቃት አየር ይሻላት እንደሆነ ብሎ እስከ ማዴይራ ደሴት ድረስ ወሰዳት። አልሆነም። በሚያዝያ ወር 1873 እዚያው ሞተችበት። ሐዘኑ ከአቅሙ በላይ ሆነና ሕይወቱን ሊያጠፋ ብዙ ሞርፊን ዋጠ፤ መጠኑ ከመብዛቱ የተነሳ አስመለሰውና ተረፈ።

ቀጥሎ የሆነውን ሁለተኛ ሚስቱ ኦልጋ በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ትተርከዋለች። በጄኔቭ ከተማ፣ በሮን ወንዝ ድልድይ ላይ፣ አሁንም ሞትን እየተመኘ ሲሄድ በመብራቱ ዙሪያ የነፍሳት መንጋ ሲርመሰመስ አየ። በዝናብ ወራት በሐይቃችን ዳር የመብራት ምሰሶዎችን የሚከብ ዓይነት መንጋ መሆኑ ነው። ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚኖሩ፣ ምግብ እንኳ የማይቀምሱ ነፍሳት መስለውት፣ እንዲህ ባለች አጭር ዕድሜ ውስጥ የዳርዊን የተፈጥሮ ምርጫ እንዴት ይሠራባቸዋል? ብሎ ማሰብ ጀመረ። ያ ጥያቄ ከሞት ሐሳብ አወጣው፤ ወደ ሥራውም መለሰው። አንድ ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከገደል አፋፍ ሊመልስ ይችላል ማለት ነው።

በ1875 ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገባ። በ1879 ደግሞ የዩክሬንን የእህል ማሳ የሚያወድም ጢንዚዛ ሲያጠና፣ እጮቹን የሚገድል አረንጓዴ ሻጋታ አገኘ። ሻጋታውን አራብቶ በማሳ ላይ በመበተን ተባዩን መዋጋት ይቻላል የሚል ሐሳብም አቀረበ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሐሳቡ ፍሬ ሰጥቷል። ያ ሻጋታ ዛሬ ሜታሪዚየም በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ዝርያ በአፍሪካ የበረሃ አንበጣን ለመከላከል በሥራ ላይ ውሏል። እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ፦ መችኒኮቭ ስለ ሰው በሽታ ከማሰቡ በፊት ነፍሳት ራሳቸው እንደሚታመሙ አውቋል። ነፍሳት የሚታመሙ ከሆነ ደግሞ አንዳንዶቹ እንዴት ይድናሉ የሚለው ጥያቄ መከተሉ አይቀርም።

ሁለተኛው የጨለማ ጊዜ የመጣው ወዲያው ነው። በ1880 ኦልጋ በታይፎይድ ክፉኛ ታመመች። በ1881 ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሳንደር ዳግማዊ ከተገደለ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በፖለቲካ ታመሰ። መችኒኮቭም ተስፋ ቆርጦ የትኩሳት ግርሻ ሕመምተኛ ደም ወስዶ በራሱ ላይ ወጋ። ቢሞት እንኳ በሽታው በደም መተላለፍ አለመተላለፉን ለማሳየት ይጠቅማል ብሎ ነው። በጠና ታመመ፤ ግን አልሞተም። ትኩሳት ግርሻ በቅማል የሚተላለፍ፣ ለቆ መልሶ የሚይዝ በሽታ ሲሆን፣ ከብዙው ዓለም ቢጠፋም በኢትዮጵያ ግን ጨርሶ ያልጠፋ ስለሆነ ለብዙዎቻችን አያቶች ስሙ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በሽታ ካገገመ በኋላ የኑሮ ፍላጎቱ እንደገና መታደሱን ኦልጋ ጽፋለች።

መሲና፣ 1882

በ1882 ከዩኒቨርሲቲው ሥራ በፈቃዱ ለቀቀ። የኦልጋ ወላጆች ሞተው ስለነበር ከነታናናሾቿ ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ መሲና ከተማ ሄደው ባሕር ዳር ቤት ተከራዩ። ሥራ የለው፣ ቤተ ሙከራ የለው፣ አለቃ የለው። ያለው ማይክሮስኮፕና በደጁ ያለው ባሕር ነበር።

አንድ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ የሰለጠኑ ጦጣዎች የሚታዩበት ሰርከስ ለማየት ሲሄድ እርሱ ብቻውን ቀረ። የባሕር ኮከብ እጭን በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። እጩ ብርጭቆ ይመስል ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፤ በውስጡም ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሱ ሕዋሳት አሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣበት፦ እነዚህ ሕዋሳት ምግብን ውጠው የሚፈጩ ከሆነ፣ ከውጭ የገባን ጠላትስ ለምን አይውጡም? የ1865ቷ ትል እዚህ ላይ መጣች እንግዲህ!

ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ደግሞ በእጩ ሰውነት ውስጥ ስንጣሪ ቢገባ፣ በሰው ጣት እሾህ ሲወጋ አካባቢው እንደሚመግል ሁሉ፣ ሕዋሳቱ መክበብ አለባቸው። የባሕር ኮከብ እጭ የደም ሥርም ሆነ የነርቭ ሥርዓት እንደ እኛ የለውም፤ ስለዚህ የሚሆነው ነገር የሕዋሳቱ የራሳቸው ሥራ ለመሆኑ ጥርጥር አይኖርም። ወደ ግቢው ወጣ። ለልጆቹ የገና ዛፍ አድርገው ካሸበረቁት የመንደሪን ዛፍ አጠገብ ከነበረው ጽጌረዳ ጥቂት እሾህ ቆረጠና በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አደረ። ሲነጋ ሲያይ ሕዋሳቱ እሾሁን ዙሪያውን ከበውት አገኘ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ነጭ የደም ሕዋሳትን በቁስል አካባቢ ያዩ ነበር፤ በውስጣቸውም ባክቴሪያ አይተዋል። የሰጡት ትርጉም ግን የተገላቢጦሽ ነበር፦ ሕዋሳቱ ተህዋስያኑን ተሸክመው በሰውነት ውስጥ ያዳርሳሉ ይሉ ነበር። መችኒኮቭ ያንኑ ነገር አይቶ ትርጉሙን ገለበጠው። ለሕዋሳቱም በላተኛ ሕዋስ የሚል ፍች ያለው ፋጎሳይት የተባለ የግሪክኛ ስም ወጣላቸው። ይህን ስም የጠቆሙት በቪየና የነበሩት ፕሮፌሰር ክላውስ ናቸው።

የውሃ ቁንጫዋ

ታዲያ እሾህ በሽታ አይደለም። ሐሳቡ እንዲጸና እውነተኛ ተህዋስ፣ በእውነተኛ በሽታ ጊዜ፣ በሕያው እንስሳ ውስጥ ሲዋጥ መታየት ነበረበት። ይህንን ያገኘው በሰው ላይ ሳይሆን ዳፍኒያ በምትባል የውሃ ቁንጫ ላይ ነው። ዳፍኒያ የነፍሳት ዘመድ ናት፤ እንደ እነርሱ ባለ መገጣጠሚያ እግር፣ ውጫዊ ቅርፊት ያላትና ደሟ በሰውነቷ ክፍተት ውስጥ በነጻ የሚፈስ ነው። መጠኗ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። የእርሷ ዘመዶች የሆኑ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት በሐዋሳ ሐይቅም ይኖራሉ፤ አሞራ ገደል የምንበላው ቆሮሶ በጫጩትነቱ ከሚመገባቸው መካከል ናቸው።

ዳፍኒያን የሚያጠቃ፣ ዘሩ መርፌ የሚመስል አንድ የእርሾ ዓይነት አለ። ዳፍኒያዋ ከምግቧ ጋር ስትውጠው የመርፌው ጫፍ የአንጀቷን ግድግዳ ወግቶ ወደ ደሟ ይወጣል። መችኒኮቭ ቅርፊቷ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ የሚሆነውን ሁሉ ከውጭ ሆኖ ተመለከተ። የደም ሕዋሳቱ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ በመርፌው ላይ ይለጠፋሉ፤ ከዚያም መርፌው ቀለሙ እየተለወጠ፣ ቅርጹ እየተበላሸ ይፈራርሳል። ሕዋሳቱ ከቀደሙ ዳፍኒያዋ ትድናለች። ዘሩ ካመለጣቸውና ማቆጥቆጥ ከጀመረ ግን እርሾው ደሟን ሞልቶ ወተት አስመስሎ ይገድላታል። በሽታ ማለት በሁለት ሕያዋን መካከል የሚደረግ ግብግብ መሆኑ በዓይን ታየ። ሥራው በ1884 ታተመ። ያ የእርሾ ወገንም ዛሬ በስሙ መችኒኮቪያ ተብሎ ይጠራል።

ነፍሳት ደም አላቸውን?

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር እናብራራ፤ በክፍል ውስጥ ዘወትር የሚነሳ ነውና። ትንኝ በግድግዳ ላይ ስትጨፈለቅ ቀይ ደም ይታያል። ተማሪዎች የትንኟ ደም ነው ይላሉ። አይደለም፤ የእኛው ነው! የነፍሳት ደም በአብዛኛው ቀለም የለውም ወይም ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል። ምክንያቱም ነፍሳት ኦክሲጅንን የሚያጓጉዙት በደም ሳይሆን በሰውነታቸው ውስጥ በተዘረጉ ጥቃቅን የአየር ቧንቧዎች ነው፤ ስለዚህ ቀይ የደም ሕዋስ አያስፈልጋቸውም። በሐይቅ ጭቃ ውስጥ እንደሚኖሩት አንዳንድ ቀያይ የትንኝ መሰል ዝንብ እጮች ያሉ ጥቂቶች ብቻ ከዚህ ደንብ ይወጣሉ።

የነፍሳት ደም እንደ እኛ በደም ሥር ውስጥ ታጥሮ አይሄድም፤ ሆድ ዕቃውንና ጡንቻውን በቀጥታ እያጠበ ይዘዋወራል። ታዲያ ቅርፊቱ ቢቀደድ ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ ይመጣል፦ ደሙ ይፈሳል፣ ባክቴሪያም በተከፈተው በር ይገባል። ነፍሳት ለሁለቱም ጣጣ የሚሰጡት መልስ አንድ ላይ የተያያዘ ነው። በቁስሉ አጠገብ ያሉ አንዳንድ የደም ሕዋሳት በደቂቃዎች ውስጥ በውስጣቸው የያዙትን ያፈሳሉ፤ ከደሙ ፕሮቲኖች ጋርም ተያይዞ መረብ ይሠራል። ይህ መረብ ደሙን ያረጋዋል፤ የገባውንም ባክቴሪያ ልክ እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይይዘዋል። ቀጥሎ አንድ ኢንዛይም ሥራውን ይጀምርና የረጋውን ያጠነክረዋል፣ ያጠቁረዋል። በቆሰለ ትል ቆዳ ላይ የምናየው ጥቁር ነጥብ ይኸው ነው።

መረቡን ያለፈ ባክቴሪያ ካለ ሌሎች ሕዋሳት ይውጡታል። ቁጥሩ ከበዛ ብዙ ሕዋሳት ተሰብስበው ያጎርጉሙታል፣ ጉብታ ይሠሩበታል። እንደ ጥገኛ ተርብ እንቁላል ያለ ለመዋጥ የሚተልቅ ነገር ሲገባ ደግሞ በድርብርብ ሕዋስ ጠቅልለው ያፍኑታል። ነፍሳት እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካል የተባለውን ፕሮቲን አይሠሩም። እንዲያም ሆኖ በዓለም ላይ የሌሉበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

ሙግቱ

ወደ መችኒኮቭ እንመለስ። ሐሳቡ እንደታተመ ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ወረደበት። በተለይ የጀርመን ሊቃውንት ሰውነትን የሚጠብቀው ሕዋስ ሳይሆን የደም ውሃ ነው አሉ። ማስረጃም ነበራቸው፦ ከሕዋስ የተለየ የደም ውሃ በራሱ ባክቴሪያ ሲገድል ታየ፤ በ1890 ደግሞ ቤሪንግና ኪታሳቶ በበሽታው የተለማመደ እንስሳ የደም ውሃ የዲፍቴሪያንና የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንደሚያከሽፍ አሳዩ። ይህ ቀላል ማስረጃ አልነበረም።

መችኒኮቭ ከ1886 ጀምሮ በኦዴሳ የባክቴሪያ ምርምር ተቋም ይመራ ነበር። እዚያም ሐኪም ሳትሆን በሕክምና ገባህ የሚል ወቀሳና ጭቅጭቅ ሰላም ስለነሳው በ1888 ወደ ፓሪስ ሄደ። ሉዊ ፓስተር በአዲሱ ተቋሙ ውስጥ ቤተ ሙከራ ሰጠው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ለ28 ዓመታት ከዚያ አልወጣም። ከተቋሙ ስም ጋር እኛም ትውውቅ አለን። በአዲስ አበባም የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበር፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከእርሱ የወረደ ሲሆን፣ ሰፈሩም እስካሁን ፓስተር እየተባለ ይጠራል።

ከሙግቱ ሁሉ የሚደንቀው ግን ይህ ነው። መችኒኮቭ ሐሳቡን እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቅ ነበር፤ ቁጡ ሰውም ነበር። ነገር ግን ዡል ቦርዴ የተባለ ወጣት ቤልጂጋዊ እዚያው በመችኒኮቭ ቤተ ሙከራ ውስጥ እየሠራ፣ በደም ውሃ ውስጥ ከፀረ እንግዳ አካላት ጋር ተባብሮ ባክቴሪያን የሚያፈርስ ነገር መኖሩን በ1895 ገለጸ። ተቃዋሚዎቹን የሚጠቅም ግኝት ከገዛ ቤቱ ወጣ ማለት ነው። ቦርዴም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ኋላ የ1919ን የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ተማሪው የመምህሩን ሐሳብ የሚፈትን ነገር እንዲያገኝ የሚፈቅድ ክፍል ምን ዓይነት ክፍል ነው? ይህን ጥያቄ ለአሰልጣኞቻችንም ለእኛም እንተወዋለን።

በ1908 የኖቤል ኮሚቴ የሕክምናውን ሽልማት ለሁለት ሰዎች አካፈለ፦ ለሕዋሱ ወገን ለመችኒኮቭ፣ ለደም ውሃው ወገን ለፓውል ኤርሊክ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ፀረ እንግዳ አካሉ ተህዋሱን ምልክት ያደርግበታል፤ ፋጎሳይቱ ምልክቱን አይቶ በቀላሉ ይውጠዋል።

እርጎውና የመጨረሻው ዘመን

መችኒኮቭ በስተርጅና ዘመኑ ስለ እርጅና አብዝቶ ያስብ ነበር። ሰው ፈጥኖ የሚያረጀው በትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በሚያመነጩት መርዝ ነው የሚል እምነት ስለነበረው፣ የረጋ ወተት መጠጣት ዕድሜ ያራዝማል ብሎ አስተማረ፤ ራሱም በየቀኑ ይጠጣ ነበር። አውሮፓ በእርሱ ምክንያት እርጎ ለመደ። በእርጎ ያደገው የእኛ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ስለ እርጅና የሰጠው ማብራሪያ እንዳለ አልጸናም፤ በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ለጤና ወሳኝ ናቸው የሚለው ፍሬ ነገር ግን ዛሬ ትልቅ የምርምር መስክ ሆኗል። ትልቅ ሰው ሁሉን ነገር አይስትም፤ ሁሉንም ነገር ደግሞ አያገኝም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት በጣም አሳዘነው። ብዙዎቹ የቤተ ሙከራው ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ። ልቡ ታሞ በሐምሌ ወር 1916 በ71 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ሁለት ጊዜ ሞትን በገዛ እጁ የፈለገ ሰው በመጨረሻ ለረጅም ሕይወት ሲሟገት ኖሮ ማለፉ ያስገርማል። አስከሬኑ በኑዛዜው መሠረት ከተመረመረ በኋላ ተቃጥሎ አመዱ በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ።

ከእርሱ በኋላ

ሥራው አብሮት አልተቀበረም። በ1920ዎቹ በዚያው ተቋም ሰርጌይ ሜታልኒኮቭ የሰም እራት እጮችን ባክቴሪያ እየወጋ ደማቸው እንዴት እንደሚከላከል አጠና። የሰም እራት ማለት የንብ ቀፎ ገብታ ሰም የምትበላው፣ ንብ አርቢዎቻችን የሚያማርሩባት እራት ናት።

በ1964 ደግሞ ሌቪንና ባንግ የተባሉ አሜሪካውያን ቅርፊቱ የፈረስ ኮቴ በሚመስል፣ የሸረሪት ዘመድ በሆነ የባሕር እንስሳ ደም ላይ ያገኙትን አሳተሙ። የዚህ እንስሳ የደም ሕዋሳት የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ቅርፊት ብናኝ እንኳ ሲነካቸው ይፈነዱና ደሙን ወዲያው ያረጉታል፤ ባክቴሪያውም በረጋው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ደም መርጋትና ባክቴሪያን መከላከል በእርሱ ዘንድ አንድ ሥራ ነው። ከዚያ ደም የተሠራ መመርመሪያ ለብዙ ዓመታት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች ከባክቴሪያ መርዝ ነጻ መሆናቸው ሲረጋገጥበት ኖሯል።

በ1996 ዡል ሆፍማንና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ አገር፣ በስትራስቡርግ፣ ቶል የተባለው ዘረመል የጎደላቸው የፍራፍሬ ዝንቦች በሻጋታ ተወርረው እንደሚሞቱ አሳዩ። ከዚያም ተመሳሳይ ዘረመል በሰውና በአይጥ ላይ ተገኘ። ሆፍማን በ2011 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከዝንብ የተጀመረው መንገድ እንደገና ወደ ሰው አደረሰ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ወባ ተሸካሚዋ ትንኝ የወባን ተውሳክ ከሰው ከመጠጣቷ በኋላ የራሷ የደም ሕዋሳትና ያ አጥቋሪ ኢንዛይም ተውሳኩን ይታገሉታል። በቤተ ሙከራ የተመረጡ አንዳንድ የአኖፌለስ ትንኞች ተውሳኩን በጥቁር ቅርፊት ጠቅልለው ሲገድሉት ታይቷል። ተመራማሪዎችም ትንኟ ወባን ራሷ እንድትገታ የሚያደርግ ዘዴ ይፈልጋሉ። ሐይቅ ዳር ለሚኖርና ወባ ቤቱን ላንኳኳችበት ሰው የትንኝ ደም የቅንጦት ወሬ አይደለም።

ለእኛ ለመምህራን

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ትንሽ ፍጥረት ትንሽ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል ማለት አይደለም። መችኒኮቭ የሰውን የመከላከያ ኃይል ያገኘው የባሕር ኮከብንና የውሃ ቁንጫን በመጠየቅ ነው። በመሲና የነበረው መሣሪያ ማይክሮስኮፕና የጽጌረዳ እሾህ ነበር። ስለዚህ ቤተ ሙከራ የለንም የሚለው ምክንያት እውነት ቢሆንም እንኳ ትምህርቱን በቃል ጥናት ብቻ ለማለፍ አይበቃም።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ ይህን እንሞክር። ከጎመን ላይ አንድ ለስላሳ ትል እናንሳ። መርፌ በእሳት አግለንና አቀዝቅዘን ከሆዷ ሥር ካሉት ለስላሳ እግሮቿ አንዱን በጥቂቱ እንንካ። የምትወጣውን ጠብታ ቀለም ልጆቹ ይዩ፤ ማጉያ መነጽር ካለ በእርሱ ይመልከቱ። ትሏን ከጎመን ቅጠል ጋር ቀዳዳ ባለው ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠን በማግስቱ ቁስሉን እንይ፤ ጥቁር ነጥብ ሳንጠብቅ አንቀርም። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ ደሟ ለምን ቀይ አልሆነም? ቁስሉን የዘጋው ምንድን ነው? ከመርፌው ጋር ባክቴሪያ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማን ያገኘው ነበር?

ልጆቹ መልሱን ይገምቱ፣ ይከራከሩ፤ ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት ሊይዝ እንደሚችል ከመችኒኮቭና ከኤርሊክ ታሪክ እንንገራቸው። ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ወታደሮች ናቸው የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳው ላይ የምንጽፈው ከዚህ በኋላ ይሁን። ሙከራውን የሠራችሁ ሁሉ ያያችሁትን በአጭሩ ጽፋችሁ ለዚህ ግድግዳ ብታቀብሉን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።